ሜዳውም ይኸው፣ ፈረሱስ?

ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ የአርካንሳሷ ከተማ ሆት ስፕሪንግስ ገና ከእንቅልፏ አልተነሣችም። ከኦክሎን የፈረስ ሜዳ ጀርባ በተደረደሩት ጋጣዎች ግን መብራቱ ከበራ፣ አጃው ከተሰፈረ፣ ፋንድያው ከተጠረገ ቆይቷል። አንድ ፈረስ ጠባቂ ገለባው ላይ ቁጢጥ ብሎ በዳማው ፈረስ የፊት እግር ላይ ያደረውን ፋሻ ይፈታል። እየጠቀለለ ጭኑ ላይ ያስቀምጠውና መዳፉን ከጉልበቱ ሥር ጀምሮ ወደ ታች ቀስ እያለ ያወርዳል፤ ቅልጥሙን፣ ከኋላው ያለውን ጅማት፣ ቁርጭምጭሚቱን ይዳስሳል። ዓይኑ ሌላ ቦታ ነው፤ የሚያየው በእጁ ነው። የሚፈልገው ሙቀት ነው። እግሩ እንደ ትናንቱ ቀዝቀዝ ያለ ከሆነ ፈረሱ ዛሬ ይጋለባል። ሞቅ ካለው ግን አሰልጣኙ ይጠራል፣ ሐኪሙ ይጠራል፣ የወራት ዝግጅት በአንድ ጠዋት ይፈርሳል።

ፈረሱ ሦስት ዓመቱ ነው። በሰው ዕድሜ ቢመነዘር ጢሙ ገና ያጎነቆለ ጎረምሳ ማለት ነው። ግማሽ ቶን የሚጠጋ ሰውነት ይዞ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ይከንፋል። በዚያ ፍጥነት ላይ ሳለ ሙሉ ክብደቱ በአንድ እግር ላይ ብቻ የሚያርፍበት ቅጽበት አለ፤ ያን ጊዜ ያቺ ቀጭን ቅልጥም ከፈረሱ ክብደት ሁለት እጥፍ የሚበልጥ ጫና ትችላለች። ጠባቂው በየጠዋቱ በመዳፉ የሚጠይቃት፣ ትናንት የተሸከመችውን ዛሬም ትሸከም እንደሆነ ነው።

የእነዚህ ጎረምሶች መንገድ መድረሻው አንድ ነው፤ በሜይ ወር የመጀመሪያ ቅዳሜ፣ በእኛ ሚያዝያ ሊያልቅ ሲል፣ በሉዊቪል ከተማ በቸርችል ዳውንስ ሜዳ የሚካሄደው የኬንታኪ ደርቢ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ውድድሩ ከ1875 ጀምሮ አንድም ዓመት ሳይቋረጥ ቆይቷል። ርቀቱ ሁለት ኪሎ ሜትር ከጥቂት ሜትሮች ሲሆን፣ የሚፈጀው ጊዜ ሁለት ደቂቃ ያህል ነው። በአሜሪካ በየዓመቱ ቶሮብሬድ ከሚባለው የውድድር ፈረስ ዝርያ ከ15 ሺህ በላይ ውርንጭሎች ይወለዳሉ፤ ደርቢው ላይ የሚሰለፉት ቢበዛ 20 ናቸው። ከ2013 ወዲህ ቦታው የሚደለደለው በነጥብ ነው። ከዋና ዋናዎቹ የመሰናዶ ውድድሮች በአንዱ አንደኛ የወጣ 100፣ ሁለተኛ የወጣ 50፣ ሦስተኛው 25፣ አራተኛው 15፣ አምስተኛው 10 ነጥብ ያገኛል። ሦስት ዓመት የሚሞላው አንዴ ብቻ ነውና ለአንድ ፈረስ የሚቀጥለው ዓመት የሚባል ነገር የለም። ቀኑ ፈረሱን አይጠብቅም።

ስለዚህ ከፌብሩዋሪ እስከ ኤፕሪል አጋማሽ ይህን ወቅት ልከተል ያለ መንገደኛ አገሩን ከዳር እስከ ዳር ማየቱ ነው፤ አርካንሳስ፣ ሉዊዚያና፣ ፍሎሪዳ፣ ካሊፎርኒያ፣ ኒው ዮርክ፣ ከዚያ ኬንታኪ። ሆት ስፕሪንግስ ለመጀመሪያ ማረፊያ ደግ ከተማ ነች። ስሟ እንደሚለው ከተራራዋ ሥር ፍል ውኃ ይፈልቃል፤ በዋናው ጎዳና ዳር የቆዩ መታጠቢያ ቤቶች ተሰልፈዋል። ከመሰናዶዎቹ አንዱ በሆነው በአርካንሳስ ደርቢ ቀን የሜዳው እምብርት ለሕዝብ ይከፈትና ቤተሰብ ልጆቹን ይዞ ሣሩ ላይ ይሰፍራል። በ2015 አሜሪካን ፌሮ የተባለ ፈረስ ሬበል የሚሰኘውን ውድድርና የአርካንሳስ ደርቢን እዚሁ አሸንፎ ወደ ሰሜን ወጣ። ከዚያም ሦስቱን የወቅቱን ታላላቅ ውድድሮች ጠቅልሎ በመውሰድ ከ37 ዓመት በኋላ የመጀመሪያው ሆነ።

የዚያ ፈረስ ስም በእንግሊዝኛ ሲመዘገብ ፊደሉ ተዘዋውሮ ተጻፈና እንደዚያው ቀረ። ስም ከነክፍተቱ ከ18 ፊደል መብለጥ አይፈቀድለትም፤ ብዙ ባለቤቶች በዚያች ጠባብ ቦታ ውስጥ የአባትንም የእናትንም ስም ፍንጭ ለማስገባት ይጨነቃሉ። በእኛ ታሪክ ስም የሚሄደው በሌላ አቅጣጫ ነበር። ምኒልክን አባ ዳኘው፣ አሉላን አባ ነጋ፣ ባልቻን አባ ነፍሶ ያሰኛቸው ፈረሳቸው ነው፤ ጌታው በፈረሱ ይጠራ ነበር። ይህን የሚያውቅ አንባቢ አንድ ፈረስ ጠባቂ የፈረሱን ስም በምን ዓይነት ድምፅ እንደሚጠራ ቢሰማ እንግዳ አይሆንበትም።

ዕድሜውም የራሱ ሥርዓት አለው። በየትኛውም ወር ይወለዱ፣ ጃንዋሪ 1 ሲጠባ ሁሉም እኩል አንድ ዓመት ይጨምራሉ። በጃንዋሪ የተወለደውና በሜይ የተወለደው በወረቀት እኩያ ናቸው፤ በአጥንት ግን አይደሉም። ኖርዘርን ዳንሰር የተወለደው ሜይ 27 ቀን 1961 ነው። በ1964 የፍሎሪዳ ደርቢን፣ ብሉ ግራስን፣ ቀጥሎም የኬንታኪ ደርቢን ሲያሸንፍ እውነተኛ ሦስተኛ ዓመቱን ገና አልደፈነም ነበር።

ኒው ኦርሊንስ ላይ ወጉ ይለወጣል። ፌር ግራውንድስ ከ1872 ጀምሮ ፈረስ ሲሮጥበት የኖረ ሜዳ ነው፤ ከመጨረሻው መታጠፊያ እስከ ማብቂያው መስመር ያለው ቀጥታ ረጅም በመሆኑ ቀድሞ የፈነጠዘ ፈረስ ጉልበቱ ሲከዳው ሕዝብ ፊት ይታያል። በሜዳው እምብርት ብላክ ጎልድ ተቀብሯል። በ1924 የሉዊዚያናን ደርቢም የኬንታኪን ደርቢም ያሸነፈ ፈረስ ነው። ዘር ለማፍራት ቢሞከር አልሆነለትም፤ ወደ ውድድር መለሱት። በጃንዋሪ 1928 በዚሁ ሜዳ ላይ እግሩ ተሰበረ፤ በሦስት እግሩ እያነከሰ መስመሩን አለፈ፤ ከዚያ እንዲሞት ተደረገ። መንገደኛው የመቃብሩን ምልክት ከሩቅ አይቶ ዝም ይላል። አንድ ፈረስ የሚሮጠው ስለሚወድ ነው የሚሉ ሰዎች እውነት አላቸው፤ መቼ ማቆም እንዳለበት የሚያውቅለት ግን ፈረሱ ራሱ አይደለም።

ፍሎሪዳ ስንደርስ፣ እዚህ ትንሽ እንቆይ።

ጋልፍስትሪም ፓርክ የሚገኘው ከማያሚ በስተ ሰሜን፣ ከባሕሩ ብዙም ሳይርቅ ነው። ፎርቴ በሁለት ዓመቱ ያገሩ ምርጥ ተብሎ የተሸለመ ፈረስ ነበር። በኤፕሪል 1 ቀን 2023 በፍሎሪዳ ደርቢ ላይ ወደ መጨረሻው ቀጥታ ሲገቡ ሜጅ የተባለ ልምድ የሌለው ፈረስ ከፊት ተገኘ። ሜጅ ሕይወቱን ሙሉ የሮጠው ገና ሁለት ጊዜ ነበር፤ የመጀመሪያውም ከሁለት ወር በፊት ነው። ፎርቴ ከኋላ ተነሥቶ በመጨረሻዎቹ ሜትሮች ደረሰበትና አለፈው። ከአምስት ሳምንት በኋላ፣ በደርቢው ጠዋት፣ የኬንታኪ የእንስሳት ሐኪም ፎርቴን አይቶ የቀኝ የፊት ኮቴው መጎዳቱን ስላስተዋለ ከውድድሩ አስወጣው። ያን ቀን የአሸናፊውን አበባ የለበሰው ሜጅ ነው። ጋላቢው ሀቪየር ካስቴያኖ ደርቢን ለማሸነፍ 16ኛ ሙከራው ነበር።

ሁለት ዓመት ቆይቶ በዚያው ሜዳ ታሪኩ በሌላ መልክ ተደገመ። በማርች 2025 ታፓን ስትሪት ሶቨረንቲን ቀድሞ የፍሎሪዳን ደርቢ ወሰደ። ከዚያ ሳምንታት አልፈው ታፓን ስትሪት በልምምድ ላይ አጥንቱ ተሰነጠቀና ለቀዶ ሕክምና ገባ። ሁለተኛ የወጣው ሶቨረንቲ ሜይ 3 ቀን፣ ዝናብ ባራሰው ጭቃ ሜዳ ላይ፣ የካሊፎርኒያው የሳንታ አኒታ ደርቢ አሸናፊ የነበረውን ጆርናሊዝምን አልፎ ኬንታኪን አሸነፈ።

መካከል ያለውን 2024ንም እንይ። ሚስቲክ ዳን በፌብሩዋሪ ኦክሎን ላይ ሳውዝዌስት የተባለውን ውድድር በጭቃ ውስጥ በስምንት ፈረስ ርዝመት አሸንፎ ሁሉን አስደነቀ፤ በአርካንሳስ ደርቢ ግን ሦስተኛ ወጣ። በሜይ፣ ጋላቢው ብራያን ኸርናንዴዝ በውስጠኛው አጥር ጥግ አሾልኮት፣ የብሉ ግራሱን አሸናፊ ሲየራ ሊዮንን በአፍንጫ ቀደመ። ከሲየራ ሊዮን ሌላ አፍንጫ ዝቅ ብሎ ሦስተኛ የሆነው የጃፓኑ ፎርኤቨር ያንግ ነበር፤ እርሱ በፌብሩዋሪ ሪያድ ላይ፣ በማርች ዱባይ ላይ ሜይዳን ሜዳ ሁለት ደርቢ አሸንፎ በአውሮፕላን የመጣ ነው። ሜይዳን የሚገኘው ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚሠሩባት ከተማ ነው፤ ከዚያ ሜዳ ተነሥቶ ሉዊቪል የሚደርሰው መንገድ በዚያ ዓመት በሁለት አፍንጫ ብቻ ጎደለ።

የ2022ቱ ደግሞ ከሁሉም የሚበልጥ ነው። ሪች ስትራይክ በ2021 ቸርችል ዳውንስ ላይ፣ ተሳታፊዎቹ አስቀድሞ በተቆረጠ ዋጋ ለሚፈልጋቸው በሚሸጡበት ተራ ውድድር በ30 ሺህ ዶላር የተገዛ ፈረስ ነበር። የገዛው አሰልጣኝ ኤሪክ ሪድ በ2016 ጋጣው በእሳት ተቃጥሎ 23 ፈረሶች የሞቱበት ሰው ነው፤ ሥራውን ሊተው አስቦ ነበር። ሪች ስትራይክ በኬንታኪው ተርፍዌይ ፓርክ በመጨረሻው መሰናዶ ሦስተኛ ወጣ፤ ነጥቡም ለደርቢው አልበቃውም። ተጠባባቂ ሆኖ ሳለ ከደርቢው አንድ ቀን በፊት፣ የምዝገባው ሰዓት ሊዘጋ ሰከንዶች ሲቀሩት፣ አንድ ፈረስ ወጣና ገባ። ዳር ላይ ካለችው የመጨረሻዋ በር፣ ከ20ኛዋ ተነሥቶ አሸነፈ። ሁለት ዶላር የተወራረደበት ሰው 163 ዶላር ከ60 ሳንቲም ተከፈለው።

ሦስተኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ፣ ሁለተኛ። ከ2022 እስከ 2025 በተከታታይ አራት ዓመት ደርቢን ያሸነፉት አራቱም ከዚያ በፊት ባደረጉት የመጨረሻ ውድድር ተሸንፈው ነበር። ይህ ሕግ አይደለም፤ አሜሪካን ፌሮም ሆነ በ2018 ጀስቲፋይ በዚያ ዓመት የሮጡትን ሁሉ እያሸነፉ ነው የመጡት። ጀስቲፋይ ለመጀመሪያ ጊዜ የሮጠው ፌብሩዋሪ 18 ሲሆን በጁን ሦስቱንም ታላላቅ ውድድሮች ጨርሷል። ግን በየሜዳው አጥር ላይ ክንዱን አስደግፎ የቆመ ሰው፣ የአሸናፊውን ስም ብቻ ጽፎ ወደ መኪናው ቢሮጥ ከወቅቱ ግማሹ ያመልጠዋል።

ምክንያቱን ጋጣ ውስጥ ያሉ ሰዎች ያውቁታል። አሰልጣኙ በኤፕሪል የሚፈልገው ፈረሱ ትንፋሹ እንዲከፈት፣ አፈር ፊቱ ላይ ሲበተን መታገሥን እንዲለምድ፣ በፈረሶች መካከል ተጨንቆ መሮጥን እንዲያውቅ ነው፤ ያለውን ሁሉ አሟጥጦ እንዲሰጥ አይደለም። አጥንት በሥራ ይጠነክራል፤ የሚጠነክረው ግን በሥራና በሥራ መካከል ባለው ዕረፍት ነው። ድሮ ይህ አልነበረም። በ1948 ሳይቴሽን ማክሰኞ አንድ ውድድር አሸንፎ በዚያው ሳምንት ቅዳሜ ደርቢን ወሰደ። ዛሬ ከመጨረሻው መሰናዶ በኋላ አራትና አምስት ሳምንት ማሳረፍ የተለመደ ነው፤ በእነዚያ ሳምንታት ውስጥ ነው አንዱ ፈረስ ሲያድግ የሌላው ስንጥቅ የሚገለጠው።

በኒው ዮርኩ አኩዌደክት ሜዳ የሚነገረው የሴክሬታሪያት ታሪክ ለዚህ ሁሉ ቀዳሚ ነው። በኤፕሪል 1973 ዉድ ሜሞሪያል በተባለው መሰናዶ ላይ ያ ቀይ ዳማ ፈረስ ሦስተኛ ወጣ፤ የቀደመው በዚያው አሰልጣኝ እጅ ያለው አንግል ላይት ነበር። ጋዜጦች አለቀለት ብለው ጻፉ። ከንፈሩ ውስጥ ግን እብጠት መግል ይዞ ነበር፤ ልጓም ለያዘ ፈረስ ያ ምን እንደሆነ ፈረስ የጫነ ሰው ይገባዋል። እብጠቱ ፈነዳ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ደርቢን በአንድ ደቂቃ ከ59 ሰከንድ ከ2/5 ጨረሰ፤ ርቀቱ በአምስት እኩል ቢከፈል እያንዳንዱን አምስተኛ ከቀደመው አፍጥኖ ሮጧል። በዚያ ርቀት የሚሮጥ ፈረስ እየደከመ ነው የሚሄደው፤ እርሱ እየፈጠነ ሄደ። ሰዓቱ እስከ ዛሬ አልተሰበረም።

ካሊፎርኒያን ዘልሎ ማለፍ የሚቻል አይደለም። ሳንታ አኒታ ከሳን ጋብርኤል ተራሮች ሥር የተዘረጋ፣ ከውበቱ የተነሣ እንግዳን የሚያፈዝ ሜዳ ነው። ከ2018 መጨረሻ እስከ ጁን 2019 በነበረው ወቅት 30 ፈረሶች ሞተውበታል፤ በመካከሉም ውድድር ለሳምንታት ቆሞ ነበር። በ2023 ጸደይ ቸርችል ዳውንስ ላይ 12 ፈረሶች ሞቱ፤ የቀረው ውድድር ወደ ሌላ ሜዳ ተዛወረ። በ2008ቱ ደርቢ ኤይት ቤልስ የተባለችው እንስት ሁለተኛ ሆና መስመሩን ካለፈች በኋላ ሁለቱም የፊት ቁርጭምጭሚቶቿ ተሰብረው እዚያው ሜዳው ላይ አረፈች። በ2020 የወጣው የፌዴራል ሕግ በየክፍለ ግዛቱ ይለያይ የነበረውን የደኅንነትና የመድኃኒት ደንብ አንድ ለማድረግ ያለመ ነው፤ በሥራ ላይ መዋል የጀመረው በ2022 ነው። የውድድር ጠዋት የሐኪሙ እጅ የሚያሳድረው ፍርሃት አሁን ከቀድሞው ከፍ ያለ ነው፤ መሆንም ይገባዋል። ፎርቴን ያስወጣው እጅ አንድ ባለቤትን አሳዝኖ፣ ምናልባት አንድ ፈረስን አትርፏል።

የኬንታኪዋ ሌክሲንግተን ሲደረስ ሣሩ ለምልሟል። የአካባቢው መሬት በኖራ ድንጋይ ላይ የተነጠፈ በመሆኑ ውኃውና ሣሩ ለአጥንት ጥሩ ነው ይባላል። በኪንላንድ ሜዳ ጠዋት ማንም ገብቶ ልምምድ ማየት ይችላል። ጉም ባለበት ቀን ፈረሱ ከመታየቱ በፊት ይሰማል። ፈረስ በአፉ አይተነፍስም፤ በግልቢያ ላይ ለአንድ እርምጃ አንድ ጊዜ በአፍንጫው ብቻ ይተነፍሳል። ስለዚህ ከጉሙ ውስጥ ሁፍ፣ ሁፍ፣ ሁፍ የሚል ድምፅ ኮቴውን ተከትሎ ይመጣል፤ ከዚያ ጆሮዎቹ፣ ከዚያ ላብ ያረጠበው አንገቱ፤ ወዲያው ያልፋል።

ከከተማው ጥቂት ወጣ ብሎ በኬንታኪ ሆርስ ፓርክ አይዛክ መርፊ ተቀብሯል። በ1884፣ በ1890 እና በ1891 ደርቢን ያሸነፈ ጥቁር ጋላቢ ነው። በመጀመሪያው ደርቢ ከተሰለፉት 15 ጋላቢዎች 13ቱ ጥቁሮች ነበሩ፤ ያሸነፈው ኦሊቨር ሉዊስ ጥቁር፣ ፈረሱን ያሠለጠነው አንሰል ዊሊያምሰን በባርነት የተወለደ ሰው ነበር። ጂሚ ዊንክፊልድ በ1901 እና በ1902 ካሸነፈ በኋላ ግን አንድም ጥቁር አሜሪካዊ ጋላቢ ደርቢን አላሸነፈም፤ ዘረኝነቱ ከሜዳው ገፍቶ አስወጣቸው። ዊንክፊልድም ወደ ሩሲያ፣ ኋላም ወደ ፈረንሳይ ሄዶ ጋለበ። ዛሬ በጋጣዎቹ ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚሰማው ቋንቋ ስፓኒሽ ነው፤ ፋሻ የሚፈቱት እጆች አብዛኞቹ ከሜክሲኮና ከጓቴማላ የመጡ ናቸው። ስማቸው በውድድሩ ሰሌዳ ላይ አይወጣም።

የደርቢው ቀን ከሰዓት በኋላ እነዚሁ ሰዎች ናቸው ፈረሶቹን ከጋጣ ይዘው በሜዳው መታጠፊያ ላይ፣ ወደ 150 ሺህ በሚጠጋ ሕዝብ ፊት፣ በእግራቸው የሚያልፉት። አንዳንዱ ለዚያች ሰዓት አዲስ ሸሚዝ ለብሷል። ፈረሱ ጩኸቱን ሲሰማ ጆሮውን ቀስሮ ይደነብራል፤ ጠባቂው ክንዱን አንገቱ ላይ አሳርፎ ቀስ ብሎ ያናግረዋል። ኮርቻ ይጫናል፣ ጋላቢው ይወጣል፣ ሌላ ፈረሰኛ ይረከበዋል። ጠባቂው ባዶ ገመዱን እንደያዘ ከአጥሩ አጠገብ ይቆማል። አሥራ ዘጠኝ ሌሎች ገመድ የያዙ ሰዎች አጠገቡ ቆመዋል።

በሮቹ ይከፈታሉ። ሁለት ደቂቃ።

ሕዝቡ ወደ ትልቁ ሰሌዳ ዞሮ ቁጥር ሲጠብቅ፣ ፈረሶቹ ከማዶው መታጠፊያ በጭቃና በላብ ተለብጠው በሶምሶማ ይመለሳሉ። ጠባቂው በፈረሶቹ መካከል የራሱን ይፈልጋል። ሲያገኘው ፊቱን አይደለም አስቀድሞ የሚያየው፤ የፊት እግሮቹ መሬቱን እንዴት እንደሚረግጡ ነው።